ቅዳሜ የሚመጡት ሦስት ሰዎች

ሦስት ሰው ደግሞ ለምን፣ ለሰላምታ ቢሆን አንድ ሰው ይበቃል፣ ለጸሎት ቢሆን ሁለት፣ ቀን ቆርጠው፣ አስቀድመው አሳውቀው፣ ሦስት ሆነው ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት የሚመጡ ሰዎች የሚመጡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ይኼን ለማወቅ ውባየሁ አስረጂ አይፈልግም፣ እሱም ሟች ሚስቱን መሠረትን ለማግባት የላከው ሦስት ሽማግሌ ነበር።

ሸሚዙን ይተኩሳል። ኮሌታው ላይ አንዲት መስመር አለች፣ ይመላለስባታል፣ አትጠፋም። ከመስኮቱ ውጪ ቻምበርስ ሮድ በመኪና ይጎርፋል፣ ከታች ፓርኪንጉ ላይ የልጁ የፀዳል መኪና ቆሟል፣ ጣሪያው በሰኔው በረዶ ሰርጎድ ሰርጎድ ያለ፣ ኋላው ላይ ያ ነጭ ልብስ ያለበት መኪና።

አላየሁም ማለት ይችላል። ግን አይቷል።

ማክሰኞ ዕለት ነው፣ የጎማ መንፊያውን ሊወስድ የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲከፍተው ጥግ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት፣ በከረጢቱ ውስጥ የታጠፈ ነጭ ቀሚስ፣ ረጅም፣ እስከ እግር ጥፍር የሚደርስ፣ ዳንቴል የለው፣ ዶቃ የለው፣ እጅጌው እስከ አንጓ፣ ምን ዓይነት ሙሽራ ናት እንዲህ ያለ የሚያሳዝን ልብስ የምትለብሰው፣ ለካ የድብቅ ሠርግ ልብስ እንዲህ ነው የሚሆነው አለ በልቡ፣ ከረጢቱን እንደነበረ አድርጎ መለሰው፣ ጎማ መንፊያውን ረስቶ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ጠዋት እሷ የነርስ ልብሷን ለብሳ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ባባ፣ ቅዳሜ ከቸርች ሦስት ሰዎች ሊያናግሩህ ይመጣሉ፣ በኛ ዘጠኝ ሰዓት አለችው። ስለምን? እነሱ ይነግሩሃል። አንቺ ለምን አትነግሪኝም? ከኔ ከሰማኸው ገና ሳልጨርስ ትዘጋብኛለህ፣ ፕሊስ ባባ፣ ጀስት ሊስን፣ ናይስ ሁን።

ናይስ ሁን። መቼ ነው ናይስ ያልሆነው፣ ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ናይስ ሆኖ አይደል እንዴ እዚህ የደረሰው።

ሃያ ሁለት ዓመት ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር የገፋ ሰው በቀላሉ አይሸወድም። ሰው ሲዋሽ ከእግሩ ነው የሚያውቀው። ወረፋ ለማለፍ ብለው ዊልቸር የሚጠሩ አሉ፣ ሲሳፈሩ እህህ እያሉ፣ ሲወርዱ ግን ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከሱ ቀድመው የኤርፖርቱ ባቡር ላይ የሚዘሉ፣ እንዳልክ የሚባለው የሥራ ባልደረባው፣ ጋሼ ዛሬ ስንት ተአምር አዩ ይለዋል፣ አራት፣ ይላል ውባየሁ፣ አራቱም አገራቸው ሲደርሱ ተፈወሱ። እውነተኛ ሕመም ዝም ይላል። የእውነት የታመመ ሰው ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚቀመጠው፣ ከበድኩህ ይሆን እያለ። ስለዚህ ውባየሁ የሚያምነው እግርን ነው፣ አፍን አይደለም፣ ፀዳል ደግሞ ሰሞኑን ቤት ውስጥ በእግሯ ጣት ነው የምትራመደው።

ቁልፉስ። የመኪና ቁልፏ ላይ አንድ ሌላ ቁልፍ ተጨምሯል፣ የቤተ ክርስቲያኑ የጎን በር ቁልፍ፣ ያውቀዋል፣ ኮሚቴ ውስጥ ሳለ ስድስት ዓመት እሱ ራሱ ኪሱ ይዞት ዞሯል። ስልኳስ፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው በፊቱ ትደፋዋለች። ረቡዕስ። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ የምትሄደው መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መስሎት ነበር፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት የረሳውን መነጽር ሊያመጣ ሲሄድ አዳራሹ ባዶ፣ ጥናት የለ ምን የለ፣ የፋዘር ዳንኤል ቢሮ በር ተዘግቷል፣ ከውስጥ የልጁ ሳቅ ይሰማል። መነጽሩን ሳይወስድ ተመለሰ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ እሷ እስክትወጣ ሰዓቱን ተመለከተ፣ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ለጸሎት ሃምሳ ሁለት ደቂቃ በዛ፣ ለንስሐ ከሆነ ደግሞ ምን ብታጠፋ ነው።

ፋዘር ዳንኤል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ከኔብራስካ የመጣ፣ ጺሙ ቀይ፣ ሚስት የለውም። እዚህ አውሮራ ወዳለችው ትንሿ የቅዱስ ቆርኔሌዎስ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሲመደብ ከሁሉ ቀድሞ የወደደው ውባየሁ ነበር፣ አሮጌውን የጸሎት መጽሐፍ ቃል ሳያጎድል ያነባል፣ ጸሎተ ሃይማኖቱን አያሳጥርም፣ ስብከቱ ውስጥ ጋዜጣ አይጠቅስም፣ እንዲህ ዓይነት ቄስ አጥተን እኮ ነው የተንከራተትነው ብሎ ላገኘው ሁሉ ተናግሯል። አሁን ያ ራሱ ያስፈራዋል። እምነቱ የላላ ቄስ በሩቁ ይታወቃል፣ ትጠነቀቀዋለህ፣ እምነቱ ቀጥ ያለውን ግን ቤትህ ድረስ ታስገባዋለህ፣ ከልጅህ ጎን ታስቀምጠዋለህ። ድሮ እሳቸው ነበር የሚለው። ከማክሰኞ ወዲህ በልቡ እሱ ሆኗል፣ ይኼ ቀይ ጺም።

በሩ ይንኳኳል፣ ገና ስምንት ተኩል ነው፣ መብራህቱ ነው፣ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ ብቻ የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ። መብራህቱ አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ከውባየሁ ጋር ሠላሳ ዓመት የተነታረከ ኦርቶዶክስ ነው፣ በልጅቷ ወገን እንደ ዘመድ ሆኖ እንዲቀመጥ ትናንት በስልክ ጠራው። ታዲያስ ጳጳሱ፣ ይላል ጫማውን እያወለቀ፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች አልደረሱም? እንግሊዝ አይደሉም አልኩህ፣ አንደኛው ናይጄሪያዊ ነው። ናይጄሪያዊ ሽማግሌ፣ ለቀይ ጺም፣ አውሮራ ውስጥ፣ አምላኬ ገና ምን ታሳየኛለህ፣ ልጅቷስ? ክፍሏ ናት። ታለቅሳለች? ቫክዩም ታደርጋለች። በቃ ወዳዋለች፣ ያልወደደች ልጅ ምንጣፍ አትጠርግም።

ተው አትቀልድ። አልቀልድም፣ ስማኝ፣ ሲገቡ ተቀመጡ እንዳትላቸው፣ ጉዳያቸውን ቆመው ነው የሚናገሩት፣ መጀመሪያ ማን ላካችሁ ትላለህ፣ ቀጥሎ አባቱ ማነው፣ እናቱስ፣ ሰባት ቤት ታስቆጥራቸዋለህ። አሜሪካዊ የት ያውቃል ሰባት ቤት። ያውቃሉ እንጂ፣ ምራቃቸውን ለላብራቶሪ በፖስታ ልከው ያስቆጥራሉ። ውባየሁ ሳይወድ ይስቃል፣ ሳቁ ግን አይቆይም፣ መብራህቱ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ያንን ነገር ያነሳዋል፣ እንደሚያነሳው ያውቅ ነበር፣ አንተ አይደለህም እንዴ ቄስ ከተሾመ በኋላም ማግባት ይችላል ያልከኝ?

እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ብሏል። ታክሲዎቹ ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ሜዳ ላይ፣ ከፈረቃው በፊት፣ ጥቅስ እየጠቀሰ፣ ሐዋርያው ምን አለ፣ ጴጥሮስ አማት አልነበረውም ወይ፣ እናንተ ከሹመት በፊት አግባ ከሹመት በኋላ አታግባ የምትሉት ሥርዓት ነው እንጂ ቃል አይደለም፣ መብራህቱም፣ ቄስ በዓይኑ ሚስት እየፈለገ የሚቀድስበት ቤት ውስጥ ልጄን አላስቆርብም ይለው ነበር። ያኔ ስቆበት ነበር። አሁን ያ ክርክር ሁሉ ወደ ራሱ ቤት ዞሯል፣ ትክክል ነበርኩ፣ አሁንም ትክክል ነኝ፣ ቄስ ሊያገባ ይችላል፣ የሌላ ሰው ልጅ ያግባ። ካህንነቱን ተጠቅሞ በሩን ዘግቶ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ የኔን ልጅ አያስቅ።

እንቢ ብትልስ፣ ይላል መብራህቱ አሁን ቀስ ብሎ፣ እንቢ ብለህ እሷ እሺ ብትልስ?

ቤቱ ውስጥ የቀረው ሰው እሷ ብቻ ናት። መሠረት ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ እሷ እስከ መጨረሻው ኦርቶዶክስ ነበረች፣ እሑድ እሑድ አንድ መኪና ሁለት ቤተ ክርስቲያን ያደርስ ነበር፣ የተቀበረችውም በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ነው፣ እሱ ከኋላ ቆሞ ነበር፣ እንደ እንግዳ፣ ክንዱን የያዘችው ፀዳል ናት። ይህቺ ልጅ ብትሄድ፣ ማንም ሳይነግረው ወደ ኔብራስካ ብትሄድ፣ ቫክዩሙን ማን ያስነሳዋል፣ ማን ነው ባባ የሚለው።

ወንበር ያስተካክላል። አራት ወንበር ብቻ ነው ያለው፣ መደርደሪያው ላይ የጸሎት መጽሐፉ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ያነበዋል፣ የመጀመሪያውን ገጽ ግን አይገልጠውም፣ እዚያ ላይ የሩት እጅ ጽሑፍ አለ።

ሩት። የዛሬ ሰላሳ አምስት ዓመት ውባየሁ ከካርቱም ስደተኛ ሆኖ መጥቶ የዴንቨርን ብርድ በአንድ ሹራብ ሲጋፈጥ የተቀበለችው ሴት፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር ካለው ቤቷ ምድር ቤቱን የሰጠችው፣ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየችው፣ መጽሐፉን የሰጠችው፣ በዚያ መጽሐፍ እንግሊዝኛም እምነትም ተማረ። አስራ ሁለት ዓመት በአንድ አግዳሚ ተቀመጡ። ከዚያ እሷ ትምህርት ገባች፣ ቄስ ሆነች፣ አንድ እሑድ መንበሩ ፊት ቆማ ኅብስቱን ይዛ በተንበረከኩት ሰዎች መስመር መጣች፣ እሱ ጋ ስትደርስ የክርስቶስ ሥጋ አለችው፣ ፊቷን ማየት አልቻለም፣ ያየው እጅጌዋን ነው፣ የነጭ ቀሚሷ ሰፊ እጅጌ ተጨማዶ ነበር፣ እሱ እጁን ሳይዘረጋ ተነሳ። በመካከለኛው መተላለፊያ ሄደ። በሩን ራሱ ከፈተ። ሰው ሲጠይቀው፣ የትምህርተ ሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ ክርስቶስ የመረጠው አስራ ሁለት ወንዶችን ነው፣ እኔ የተቀበልኩትን ነው የምጠብቀው ይላል፣ ያምንበታልም፣ ዛሬም ያምንበታል። ግን አንዳንዴ፣ ያን ቀን የተነሳው አማኝ ነው ወይስ የደነገጠ ሰው፣ ይኼን ጥያቄ ሲመጣ አይቶ መንገድ ይለውጣል።

ባለፈው ዓመት ስሟ የሥራ ስልኩ ላይ ወጣ። አንድ መንገደኛ፣ ዊልቸር፣ ጌት ሠላሳ ስምንት። ከእንዳልክ ጋር ተቀያየረ፣ ሆዴን አሞኛል ብሎ። በኋላ እንዳልክ፣ ጋሼ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ውባየሁ የሚባል ሰው እዚህ ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ አዎ አልኳት፣ ደህና ነው? አለች፣ ደህና ነው አልኳት።

መጡ፣ ይላል መብራህቱ ከመስኮቱ፣ አቤት ጌታዬ፣ ስማ፣ ናና እይ።

ውባየሁ መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋል። አሮጌው ሚስተር ቢል፣ ጡረታ የወጡ አብራሪ፣ የአጥቢያው ሽማግሌ፣ ደረጃውን አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። ከኋላቸው ፋርማሲስቱ ኦካፎር፣ ሰማያዊ ሰፊ የክብር ልብስ፣ ከላይ እስከ ታች በጥልፍ የተሞላ፣ ራሱ ላይ ቆብ፣ እጁ ላይ በሪባን የታሰረ ካርቶን። ሦስተኛዋ ኬት የምትባለው ወጣት አስተማሪ ናት፣ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። ስጦታ ይዘዋል፣ ይላል መብራህቱ፣ የክብር ልብስ ለብሰዋል፣ ጸሐፊም አምጥተዋል፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ፣ ቀይ ጺሙ ራሱ አልመጣም፣ አየህ፣ ልጅቷ አስተምራቸዋለች፣ ልጁ ራሱ እንደማይመጣ አስተምራቸዋለች። ውባየሁ መጋረጃውን ይለቀዋል። አስተምራቸዋለች። ልማዱን ታውቀዋለች ማለት ነው፣ ሁሉን አስባበት ማለት ነው።

ይገባሉ። ሰላምታ። ፀዳል ከክፍሏ ብቅ ትላለች፣ ሃይ ጋሼ መብራህቱ፣ ዛሬ ምነው ሱፍ? ትላለች ግራ ተጋብታ፣ ላንቺ ነው የኔ ልጅ ይላታል፣ እሷም አልገባትም፣ ወይም ያልገባት መስላለች፣ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ትቀራለች። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም። ሦስቱ ምንጣፉ መሀል ቆመዋል፣ ኦካፎር ካርቶኑን ታቅፎ፣ ኬት ደብተሯን፣ ሚስተር ቢል ባዶ እጃቸውን። መብራህቱ በጉሮሮው ምልክት ይሰጣል፣ ጠብቅ፣ ይቁሙ።

ግን የሚስተር ቢል ግራ እግር። ውባየሁ ያየዋል፣ ዓይኑ ከልማዱ አይወጣም፣ ክብደታቸውን ሁሉ ቀኙ ላይ ጥለዋል፣ ግራ ጉልበታቸው ከሱሪያቸው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ፊታቸው ፈገግ እንዳለ ነው፣ ምንም አላሉም፣ ይኼ የእውነት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ በዚያ ጉልበት የወጣ ሰው ሌባ ሊሆን አይችልም፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጉልበቱ አይዋሽም። አንድ ወንበር ይስብና ከኋላቸው ያደርሳል፣ ክንዳቸውን ይዞ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል፣ መብራህቱ በአማርኛ፣ ምን አደረግክ፣ ሥርዓቱን አፈረስከው ይለዋል፣ ዝም በል፣ ይላል ውባየሁ፣ ታመዋል። ይቅርታ፣ ይላሉ ሚስተር ቢል ሲቀመጡ፣ አስቸገርኩህ።

ስለ ፀዳል ነው የመጣነው፣ ይላሉ። መብራህቱ ከሶፋው ይነሳል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ በእንግሊዝኛው፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ዳኛ፣ እኔ በአባቷ ወገን ነኝ፣ ከሁሉ በፊት የልጁ አባት ማነው?

የማን ልጅ? ይላሉ ሚስተር ቢል።

የላካችሁ ልጅ። የላኩን ጳጳሱ ናቸው። ጳጳሱ? ጳጳስ ደግሞ ያገባል? ይላል መብራህቱ ወደ ውባየሁ ዞሮ በአማርኛ፣ ቀይ ጺሙ ይሻላል እኮ። ሚስተር ቢል ኬትን ያያሉ፣ ኬት ደብተሯን፣ ፀዳል ኩሽናው በር ላይ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፣ ኦው ማይ ጋድ፣ ባባ፣ ኖ። ከዚያ የኦካፎር ሳቅ፣ ከሆዱ የሚመጣ፣ ጥልፉን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ፣ ወንድሜ፣ ይላል እንባውን እየጠረገ፣ እኔ ይኼን ልብስ የለበስኩት ከዚህ ቀጥሎ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ስላለብኝ ነው፣ ካርቶኑ ኬክ ነው፣ ሚስቴ ባዶ እጅህን ሰው ቤት አትገባም ብላኝ ነው፣ እኛም አገር እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ ገባኝ፣ ገባኝ፣ ማንም ልጅህን ሊያገባ አልመጣም።

አልመጣም። ከውባየሁ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ መልሶ ምንጣፍ ይሆናል። ይሳቅ ወይስ ይቆጣ። ታዲያ ሃምሳ ሁለት ደቂቃው፣ ቁልፉ፣ ነጩ ልብስ፣ ታዲያ ለምን መጣችሁ?

ሚስተር ቢል ይነግሩታል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ የአውሮፕላን አብራሪ ድምፅ፣ መጥፎ አየር ላይ ስንገባ ቀበቷችሁን እሰሩ የሚል ድምፅ። ፀዳል ዲያቆን ለመሆን ጠይቃለች። ዓመት አልፏታል። ፋዘር ዳንኤል ረቡዕ ረቡዕ ሲያስተምሯት፣ ሲፈትኗት ነበር፣ እኛ ሦስታችን ጥሪዋን እንድንመረምር በጳጳሱ ተመድበናል፣ እናምንበታለን። ቀሪው አንድ ወረቀት ነው፣ የሷ ፊርማ። አትፈርምም። አባቴ ሳይባርከኝ አልፈርምም፣ እንቢ ካለ ይቀራል ብላለች፣ ለምነናታል፣ ሕጉ ያንተን ፈቃድ አይጠይቅም፣ የጠየቀችው እሷ ናት።



ዲያቆን። ነጩ ልብስ። የሙሽራ አልነበረም። ውባየሁ ያንን ቀሚስ በጣቶቹ ነክቶት ነበር፣ መሠዊያ ፊት ስንት እሑድ አይቶት፣ በስንት ሰው ትከሻ ላይ አይቶት፣ በልጁ መኪና ውስጥ ሲሆን ግን ሠርግ ብቻ ታየው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የሀገረ ስብከቱ ጉባኤ ላይ፣ ሴት ዲያቆን ትሁን አትሁን ሲባል እጁን አውጥቶ አምስት ደቂቃ የተናገረው እሱ ነው። ዛሬ ዲቁና፣ ነገ ቅስና፣ ይኼ በር አንዴ ከተከፈተ ማን ይዘጋዋል፣ እኔ አንድ ቤት በዚህ ምክንያት ለቅቄ መጥቻለሁ፣ ሁለተኛ ቤት አታስለቅቁኝ። አጨበጨቡለት። ድምፅ ሲሰጥ ተሸነፈ፣ ሴት ዲያቆን ትሁን ተባለ፣ ግን አጨበጨቡለት። ወደ ጉባኤው በመኪናዋ የወሰደችው ፀዳል ናት። ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሲመለሱ ሬዲዮ ከፈተች፣ ደክሟት መስሎት ነበር።

ይኼም ብልጠት ሊሆን ይችላል። ለምን አይሆንም፣ አባቴ ካልባረከኝ ማለት አባትን ጥግ ማስያዝ ነው፣ እንቢ ካለ ጨካኝ እሱ ይሆናል፣ እሺ ካለ የተናገረውን የበላ። ማን አስተማራት ይኼን። ቀይ ጺሙ አስተምሯት ይሆናል። ኩሽናው በር ላይ ያያታል፣ እግሯን ያያል። በጣቶቿ አልቆመችም። ሁለቱም እግሯ መሬት ላይ ነው፣ ካልሲዋ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ፣ ቀጥ ብላ፣ የምትሸሽ ሰው እንደዚያ አይቆምም። እናቷም እንደዚያ ነበር የምትቆመው።

ባባ፣ ትላለች፣ ልነግርህ ስሞክር ሁልጊዜ ስለ ሩት ታወራለህ።

እኔ ስለ ሩት አውርቼ አላውቅም። ታወራለህ፣ ስሟን ሳትጠራ፣ ስሟንም ተነስተህ መሄድህንም የነገረችኝ እማዬ ናት፣ አንተ አንዲት ሴት ነበረች ትላለህ፣ ከዚያ ዝም ትላለህ፣ እኔም እንደሷ ስቆም ተነስተህ ብትሄድስ? በዚያ በመካከል፣ ሁሉ ሰው እያየ? አላይህም ባባ፣ ያን ማየት አልችልም፣ አልፈርምም።

መብራህቱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ ኮቱ ተፈትቷል፣ ቀልዱ አልቆበታል። ሁሉም ይጠብቁታል። እሺ ማለት አይችልም፣ ሰላሳ አምስት ዓመት ያመነውን በአንድ ኬክ አይሸጥም። እንቢ ማለትም፣ እንቢ። እንቢ ምን ያህል አጭር ቃል ናት። በመካከለኛው መተላለፊያ መውጣት ምን ያህል ቀላል ነበር፣ በሩ እንኳ አልከበደም።

ስለዚህ ይነሳል፣ ሸሚዙን ያስተካክላል፣ የአፉን ሳይሆን የአባቶቹን ነገር ይናገራል፣ ሰምተናችኋል፣ ይላል፣ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ዛሬ መልስ የለንም። ቤተ ዘመድ ይመክርበታል። ሄዳችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።

የሚስተር ቢል ፊት ይጠቁራል፣ ገባኝ ይላሉ፣ አዝናለሁ ይላሉ፣ ኬት ደብተሯን ትዘጋለች። ኦካፎር ግን ውባየሁን ያየዋል፣ ረጅም፣ ራሱን ቀስ አድርጎ ይነቀንቃል፣ እንመለሳለን ወንድሜ፣ ይላል፣ በደንብ አድርገን እንመለሳለን። ውባየሁ ሚስተር ቢልን በክንዳቸው ይዞ ደረጃውን ያወርዳቸዋል፣ በቀኝዎ ይጀምሩ፣ ግራዎን ያሳርፉት፣ አንድ ቃል ሌላ ሳይጨምር እስከ መኪናቸው። ሲመለስ ከመስኮቱ ያያቸዋል፣ ኦካፎር ለሁለቱ አንድ ነገር ያስረዳል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ሚስተር ቢል ይስቃሉ። ለምን ይስቃሉ። ምን አላቸው።

ባባ፣ ትላለች ፀዳል ከኋላው፣ ኖ ነው?

መብራህቱ ኬኩን መቁረጥ ጀምሯል። ጋሼ፣ ትለዋለች ወደ መብራህቱ ዞራ፣ ባባ እማዬን ሲጠይቅ አንተም ሽማግሌ ነበርክ አይደል፣ አጎቴ አበበ ስንቴ ነው የመለሳችሁ? ሦስቴ፣ ይላል መብራህቱ አፉን ሞልቶ፣ ሃይማኖቱ እንግሊዝ ለሆነ ሰው እህቴን አልሰጥም አለ፣ ሦስተኛው ቀን በረዶ ይጥል ነበር፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ የለ፣ በእግራችን ነው የሄድነው፣ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይበላኛል። ፀዳል ትቆጥራለች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ዓይኗ ሞልቷል፣ እንግዲህ፣ ትላለች፣ ሁለት ቀረን።

ማን አለሽ፣ ይላል ውባየሁ፣ እኔ ምንም አላልኩም፣ እሺ አላልኩም፣ ፋዘር ዳንኤልም አሉ፣ እሳቸውም ከእኔ ጋር ይነጋገራሉ፣ የምጠይቃቸው አለኝ፣ ብዙ፣ ጥቅስ በጥቅስ። እሳቸው አለ። ሲል ነው ራሱን የሰማው።

የካውያውን ሶኬት መልሶ ይሰካል።

ያንን ልብስ አምጪው፣ ይላታል።

የቱን ልብስ?

መኪናሽ ውስጥ ያለውን፣ እንደዚያ አጣጥፈሽ በከረጢት ጠቅጥቀሽው፣ ልብስ እንዲህ ይያዛል?

ባባ። መኪናዬን ፈትሸሃል?

ጎማ መንፊያ ፈልጌ ነው። ጎማ መንፊያ? ትላለች። አዎ፣ ጎማ መንፊያ፣ ሂጂ አምጪው።

በሩ ይከፈታል፣ ደረጃው ላይ የምትሮጥ እግር ይሰማል፣ ሙሉ እግር። መብራህቱ ቁራጭ ኬክ በሹካ ይዞ ያየዋል፣ ጳጳሱ፣ ይኼ እሺ ማለት ነው? አይደለም፣ ልብስ መተኮስ ነው። ይዛ ትመለሳለች፣ የመተኮሻው ሰሌዳ ላይ ይዘረጋዋል፣ ነጭ፣ ረጅም፣ ዳንቴል የሌለው፣ ካውያው ይሞቃል፣ አላመነበትም፣ ገና አላመነበትም፣ ሁለት ሳምንት አለው፣ ምናልባት ከዚያም ሁለት ሳምንት፣ ከእጅጌው ይጀምራል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ ጫፉን ይዞ ይስበዋል፣ ያን እሑድ የሩት እጅጌ ተጨማዶ ነበር፣ ብቻዋን ነበረች የምትኖረው፣ ያን ጠዋት ልብሷን የተኮሰላት ሰው አልነበረም።